የአራተኛው ፉርጎ እድር

ቡኢ ላይ ጠዋት የሚጀምረው በጣት ነው። ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ምድጃው ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀኝ እጁን ዘርግቶ በአመልካች ጣቱ ይጠቁምና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጠፍቷል!» ይላል። ወደ ቧንቧው ዞሮ «ተዘግቷል!» ይላል። ልጆች ጫማቸውን እያመለከቱ «ታስሯል!» ይላሉ። ከየፎቁ መስኮት የሚወጣው ጩኸት ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ጠብ ይመስለዋል። ጠብ የለም፤ ሰፈሩ ባቡር ሊሳፈር እየተዘጋጀ ነው።

ልማዱን ያመጣው ካዜያማ ነው። ካዜያማ ኤሌክትሪክ ባቡር በጃፓን አገር ሠራተኛውን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ሲያመላልስ የኖረ የግል ኩባንያ ነበር። እያደር ግን የሚያመላልሰው ሰው አለቀበት። በመስመሩ ዳር የነበሩት ሰፈሮች ልጅ መውለድ አቆሙ፤ ሽማግሌዎቹ ብቻ ቀሩ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ባቡሮቹ ባዶ ወንበር ይዘው በሰዓታቸው መጥተው በሰዓታቸው ሲሄዱ ቆዩ። በመጨረሻ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ተሳፋሪ ወዳለበት አገር መጣ። የሰዓት አከባበሩን፣ የየጣቢያውን የመነሻ ዜማ፣ ነጭ ጓንቱን፣ እየጠቆሙ መጥራቱን፣ አንዱንም ሳያስቀር ይዞ መጣ።

መጀመሪያ ከሜክሲኮ እስከ ዓለም ገና ሐዲድ ዘረጋ። ከዚያ አዳማ፣ ደብረ ብርሃን፣ አምቦ፣ ፍቼ፣ ቡታጅራ ደረሰ፤ ሁሉንም የሚያገናኝ የቀለበት መስመርም ዙሪያውን ሠራ። በሐዲዱ ዳር ቤት ሠራ፤ ቤቱ ሥር ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ አጠገብ ክሊኒክና ትምህርት ቤት አቆመ። ዛሬ የቡኢ ሰው በካዜያማ ክሊኒክ ይወለዳል፣ በካዜያማ አዳራሽ ይዳራል፣ ሲሞትም የባቡሩ ድምፅ በሚሰማበት የካዜያማ መካነ መቃብር ያርፋል። «አገርህ የት ነው?» ቢሉት «የቡታጅራ መስመር» ብሎ ይመልሳል፤ የሚያፍርበት ነገር አይታየውም።

ካዜያማ ያላመጣው አንድ ነገር ቢኖር እድር ነው። እድሩን ያመጡት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ለዓመታት በየጠዋቱ በአንድ ፉርጎ፣ በአንድ ወንበር፣ ጉልበት ለጉልበት ተያይዞ የሚሄድ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ የሚያውቀው የፉርጎውን ሰው ነው። ስለዚህ እድር ከሰፈር ወጥቶ ፉርጎ ውስጥ ገባ። ጠዋት ባቡሩ ሲነሳ የእድሩ ዳኛ ብድግ ብሎ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይጠቁማል፤ ስም ይጠራል፤ ፉርጎው በሙሉ «አለ!» ወይም «አለች!» ብሎ ይመልሳል። ወንበሩ ባዶ ከሆነ «የለም!» ይባላል። ደጋግሞ «የለም» የተባለበት ሰው ቤት ሽማግሌ ይላካል። ጡረታ የወጡት እንኳ ስማቸው እንዲጠራ ብለው እስከ ቀጣዩ ጣቢያ ሄደው ይመለሳሉ።

ጠሪዎቹንም መርሳት የለብንም። ባቡሩ ራሱን ይነዳል፤ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሆኖም በእያንዳንዱ ባቡር አፍንጫ ላይ ካለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ቆሞ የምልክት መብራቱን እየጠቆመ «አረንጓዴ!»፣ ጣቢያ ሲደርስ በሩን እያየ «ተዘግቷል!»፣ ሲነሳ ደግሞ «መንገዱ ክፍት ነው!» ይላል። የማንም ጆሮ አያደምጠውም። የመስመሩ ወጣቶች ጠሪዎቹን «የባቡሩ ጉትቻ» ይሏቸዋል፤ ለጌጥ የተንጠለጠሉ ማለታቸው ነው።

ወይዘሮ ሶልያና ከመጀመሪያዎቹ ጠሪዎች አንዷ ነበረች። ያስተማራት ከካዜያማ ጋር የመጣ መምህር ኦኩራ የተባለ ሽማግሌ ነው። መምህሩ አማርኛውን የለመደው በጥሪ ስለሆነ የቃሉን መጨረሻ ወደ ላይ አንስቶ ያቆየው ነበር፤ ተማሪዎቹም እንደሰሙት ያዙት። ከእነሱ በኋላ የመጡት ጠሪዎች አሳጥረው ይጣራሉ። ዛሬ በዚያ በጥንቱ ዜማ የሚጠራ ሰው በመስመሩ ላይ የለም፤ ከእነዚያ ተማሪዎች በሕይወት ያለችውም ሶልያና ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ታማለች።

ሕመሟ የመርሳት ነው። መጀመሪያ የረሳችው የጎረቤቶቿን ስም ነበር፤ ቀጥሎ የልጆቿን። የባሏን የያፌትን ስም ከረሳች ክረምት አልፏል። «እርስዎ ደግሞ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነዎት!» ትለዋለች ሾርባዋን ሲያቀርብላት፤ እንግዳ ቤት እንዳለች ሁሉ ጨዋነቷን ሳትለቅ። ያፌት ሰባዎቹን ያጋመሰ፣ በካዜያማ ሱቅ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ይህቺ «እርስዎ» የምትባል ነገር ግን ቀልዱን ሁሉ አጥፍታበታለች። ማታ ማታ ይከፋዋል፤ አልፎ አልፎም ያለቅሳል።

በዚያን ጠዋት ያፌት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሶልያና መስኮቱ አጠገብ ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣለች። እንደ ልማዱ በሩ ላይ ጠቁሞ «ተቆልፏል!» አለና ወረደ። ሰልፉ ከሰዓት በላይ አቆይቶት ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀው።

ወዲያው ገባው። ጣቱ ጠቁሟል፤ አፉም ተናግሯል፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ቆሟል። በዚህ መስመር ላይ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ብርቅ አይደለም፤ እጅ ከለመደ ዓይን ያርፋል። ያፌት ይህን በሌላ ሰው ላይ ቢሰማ «ያው ነው እኮ» ብሎ ይስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቀም። መኝታ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ ግቢውን አየ። ከጣቢያው የቡኢ የመነሻ ዜማ ሲሰማ ወዴት እንደሄደች አወቀና ዳቦውን እንደያዘ ሮጠ።

ጣቢያው መግቢያ ላይ ወርቅያንሹ ነበረች። (ያፌትን በመሰሉ ስሞች የተሰላቹ ወላጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከመቃብር እያወጡ ነው፤ ዛሬ የጣቢያ ሠራተኛው ሁሉ ወርቅያንሹና ጎበና ሆኗል።) ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጸጉሯን ከቆቧ ሥር የሸሸገች፣ ሰው ስታነጋግር ወገቧን ጎንበስ የምታደርግ ልጅ ናት።

«ወርቄ፣ ባለቤቴ በዚህ አልፋለች?»

ወርቅያንሹ ፊቷ ያለውን፣ ያለፈውን ሰው ሁሉ የሚመዘግበውን መስታወት አየች። «ጋሼ፣ የጣቢያው በር እትዬ ሶልያናን አላየም።»

«እንዴት አላየም? ከዚህ ሌላ የት ትሄዳለች?»

«በሩ ሰው የሚያውቀው በአረማመድ ነው። እትዬ ከታመሙ ወዲህ እርምጃቸው ተለውጦ ይሆናል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት አንድ እንግዳ አልፏል ይላል።»

«እንግዳውን አሳዪኛ!»

«የእንግዳ መልክ አይያዝም፤ ሕግ ነው። በሩ የማያውቀው ሰው... እንዴት ልበልዎት... ከገባ በኋላ ለባቡሩ የለም ማለት ነው።»

«ሚስቴ እንግዳ አይደለችም! ስትጠራ የኖረችው እዚሁ መስመር ላይ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ሁለቱም ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ሐምሌ የፍቼ መስመር ሰው የሆነ አንድ ሽማግሌ እንዲሁ ከቤቱ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኝቷል። የሞተው በብርድ ነው። ባቡር የሚጠብቅ መስሏቸው ሰዎች አጠገቡ ሲቀመጡ፣ ሲነሱ፣ በሰዓታቸው ሲሳፈሩ ሰንብተዋል። አሁንም ሌላ ሐምሌ ገና መግባቱ ነበር፤ ሶልያና ከሹራቧ በስተቀር የደረበችው የለም፤ «ስምዎ ማን ነው?» ቢሏት የምትመልሰው የላትም።

«ባቡሮቹን አስቁሚልኝ» አለ ያፌት።

ወርቅያንሹ እንደማይሆን ነገር አየችው። ካዜያማ በዚህ አገር ለአንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ጎርፍ ሲመጣ አልዘገየም፤ የአገር መሪ ሲቀበርም አልዘገየም። «ጋሼ፣ ባቡር እኮ አይቆምም» አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ላስቁም ብልስ ማንን ነው የምጠይቀው? አለቃዬን ብጠይቅ አለቃውን ይጠይቃል። ላይ ሲደረስ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

የእድሩ ባቡር ገባ። ያፌት በሌላ በር ተሳፍሮ አያውቅምና እድሩ ወዳለበት ወደ አራተኛው ፉርጎ ገባ።

የእድሩ ዳኛ ሪድዋን ይባላል፤ አጭር፣ ወፍራም፣ የጥርስ ሐኪም፣ ደንብ አክባሪ። ጥሪውን ጀምሯል። «ያፌት!» ብሎ ወንበሩን ሲጠቁም ሰዉ «አለ!» ብሎ መለሰ። ያፌት አልተቀመጠም። ዳቦውን ታቅፎ ቆሞ የሆነውን ነገራቸው፤ በሩን ሳያይ «ተቆልፏል» ማለቱንም አልደበቀም።  እዚያ ካሉት ሁሉ ዛሬ ጠዋት ሳያይ ያልጠቆመ ማን ነበር?

«ጥሩምባ ንፉልኝ» አለ ያፌት።

የፉርጎ እድሮች በስምምነት የታሰሩ ናቸው። አንዱ ፉርጎ ጥሩምባ ሲነፋ በመስመሮቹ ሁሉ ባሉ ፉርጎዎች ይሰማል። ድምፁ የዱሮ የእድር ጥሩምባ ነው፤ ከአንድ የሰፈር ለፋፊ ተቀድቶ የቀረ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እንኳ ይሰማል። የሚነፋው ለቀብር ብቻ ነው።

ሪድዋን ላቡን ጠረገ። «ያፌት ወንድሜ፣ ለሞተ እንጂ ለጠፋ ነፍተን እኮ አናውቅም። ደንቡ...»

«ታዲያ እስክትሞት ልጠብቅ?»

ሪድዋን ከአፉ የወጣውን ቃል መመለስ የፈለገ ይመስላል። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ንፋው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ጮኸች። ባቡሩ የጢያን ትክል ድንጋዮች እያለፈ ነበር። ሪድዋን ደረት ኪሱ ላይ ያለችውን የዳኝነት ቁልፍ ጠቆመ፣ በደንብ አያት፣ «ተነፍቷል!» አለና ተጫናት።

ጥሩምባው ሲሰማ በአምስቱም መስመሮችና በቀለበቱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሳ። ልማድ ነው፤ ለሞት ይቆማል። ከዚያ የሪድዋን ድምፅ ተከተለ። «የሞተ የለም። ወገኖቼ፣ የሞተ የለም፤ የጠፋች አለች። ወይዘሮ ሶልያና፣ የቡኢ። ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ስሟን አታውቅም። ሐዲዱ አያያትምና እናንተ እዩልን። እየጠቆማችሁ ጥሩ፤ ግን እያያችሁ!»

ሪድዋን ብልህ ነው፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ እንውረድ አለ። የቀለበት መስመሩ የቡታጅራን መስመር የሚያቋርጠው እዚያ ነው፤ የትም ብትገኝ የሚያመጣት ባቡር በዚያ ያልፋል። አራተኛው ፉርጎ እንዳለ ወረደ። በካዜያማ አገር ሥራ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ሰው እንኳ ባቡሩ ላይ አልቀረም። ያፌት ይህን ሲያይ ልቡ ተነካ። ምን እንደሚላቸው ጠፍቶት ዳቦውን ቆርሶ ያድላቸው ጀመር። እነሱም እንቢ አላሉትም፤ ተቀበሉና በሉ።

ከዚያ ባቡሮቹ መምጣት ጀመሩ።

መልካ ቁንጥሬ ትልቅ ጣቢያ ነው፤ መሳፈሪያዎቹ ደርብ በደርብ ናቸው። የመጀመሪያው ባቡር ከሆለታ በኩል ገባ። በሮቹ ሲከፈቱ ከውስጥ የወጣውን ድምፅ ያፌት በዕድሜው ሰምቶት አያውቅም። ሰዉ ሁሉ ቆሟል። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ወንበር፣ ጥጉን፣ የበሩን ሥር ይጠቁማል። «የለችም! የለችም! የለችም!» ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ቄሱ፣ ዩኒፎርም የለበሰችው ነርስ፣ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል። ዜማው አለቀ፤ በሮቹ ተዘጉ፤ ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ። ቀጥሎ ከላይኛው ደርብ ሌላ ገባ፤ ከታች ሌላ። «የለችም!» የሚለው ጥሪ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ከላይም ከታችም ወረደባቸው።

ያፌት ፈራ፤ ተደነቀም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሐዲድ ሲመላለስ ስፋቱን በካርታ እንጂ በጆሮው ለክቶት አያውቅም። ወርቅያንሹ ከቡኢ እየደወለች ትነግረው ነበር፤ ፍቼ ላይ እየተጠራ ነው፤ አዳማ ላይ ጡት የሚያጠቡ እናቶች አንድ እጃቸውን አውጥተው እየጠቆሙ ነው፤ ደብረ ብርሃን ጣቢያ ላይ ሰዎች አግዳሚ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየዞሩ የተቀመጠውን ሁሉ «ማን ነዎት? ደህና ነዎት?» እያሉ ነው። ስሟን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሶልያና ይጮኻሉ። የሚጮኹት ግን ሁሉም «የለችም» ብለው ነው። ያፌት ይህን ቃል ያህል የሚያስጠላ ነገር እንደሌለ ተሰማው።

ቀጥሎ ያለውን በኋላ የተናገረችው አመለወርቅ ናት። አመለወርቅ የቀለበት መስመር ጠሪ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። የዚያን ጠዋት ከሰንዳፋ ጀምሮ ከጀርባዋ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጥሪዋን የሚመልስ ድምፅ ትሰማ ነበር። «አረንጓዴ!» ስትል «አረንጓዴ!» ይላል። «መንገዱ ክፍት ነው!» ስትል መልሶ ይላል፤ መጨረሻውን ወደ ላይ እያነሳ፣ እያቆየ። ድሮ ጥሪ በሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይደግማል።

«ተቆጣጣሪ መስላኝ» አለች አመለወርቅ ለእድሩ ስትነግር፣ አፏን በጓንቷ ሸፍና። «የሚፈትኑኝ መስሎኝ! ጠሪ ደግሞ እየሄደ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ጠርቼ አላውቅም።»

ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ከኋላዋ ያለው ፉርጎ ወንበር ወንበሩን እየጠቆመ «የለችም!» ይል ጀመር። ሰዉ የሚፈልገው የጠፋችና የተደናገጠች አሮጊት ስለሆነ ወንበርና ጥግ ላይ ነው ዓይኑ። ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ቀጥ ብላ ቆማ የምልክት መብራት የምትጠቁም ሴት ለማንም የጠፋች አልመሰለችም። እንዲያውም ትእዛዝ የምትሰጥ መስላቸው መንገድ ለቀውላታል። ጥሪው አልቆ ፉርጎው ዝም ሲል ያ ከጀርባዋ ያለው ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ መጨረሻውን አንስቶ ደገመው።

«የለችም!»

አመለወርቅ ያን ጊዜ ገባት። ተቆጣጣሪ እንዲህ አይልም። ሃያ ዓመት ያልጣሰችውን ደንብ ጥሳ ዞረች። ከመስታወቱ ወዲያ ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ጸጉሯ የነጣ ሴት ጣቷን እንደዘረጋች ቆማ ወደ ሐዲዱ ታያለች። አመለወርቅ ነጭ ጓንቷን አንስታ ጠቆመቻት።

«አለች!»

ፉርጎው ተቀበለ። ሁለተኛው ፉርጎ ተቀበለ። ቢሾፍቱ ላይ በሩ ሲከፈት መሳፈሪያው ተቀበለ፤ ከመሳፈሪያው የአዳማው ባቡር ተቀበለ። መልካ ቁንጥሬ ላይ የቆሙት መጀመሪያ የሰሙት የጥሪውን መቀየር ነው። ከላይኛው ደርብ «የለችም» ሲል የነበረው ድምፅ ቆመ። ቀጥሎ በሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ከዚያ በራሳቸው ላይ ሰማዩን በሞላ ድምፅ «አለች! አለች! አለች!» ሆነ። ሪድዋን፣ ያ ደንብ አክባሪ፣ ያፌትን አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የቀለበቱ ባቡር ቀስ ብሎ ገባ። አፍንጫው ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ በመስታወቱ ውስጥ፣ አንዷ ከመስታወቱ ኋላ። በሩ ሲከፈት ያፌት ሮጦ «ሶሊዬ!» አለ።

ሶልያና አየችው፤ አላወቀችውም። «ተሳፋሪ ነዎት?» አለች በትሕትና። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ይቁሙልኝ።»

ያፌት ወደ ኋላ ተመለሰና ቢጫውን መስመር ለቆ ቆመ። ሶልያና ከባቡሩ ወረደች። ጥንት ጠሪዎች እንደሚያደርጉት መሳፈሪያው ላይ ቆማ ፉርጎዎቹን ከዳር እስከ ዳር ማየት ጀመረች።

የመልካ ቁንጥሬ ዜማ ተሰማ፤ አለቀ። በሮቹ መዘጋት ነበረባቸው፤ አልተዘጉም።

ሰዉ ወደ ፊት አየ። አመለወርቅ እጇን እንዳነሳች ቆማለች፤ ዓይኗ ሶልያና ላይ ነው፤ አፏ ግን ዝም ብሏል። «መንገዱ ክፍት ነው» አላለችም። ባቡሩም አልሄደም።

ከኋላው የሚመጣው ባቡር ከጣቢያው በፊት ቆመ። ከእሱ ኋላ ያለው ቆመ። በላይኛው ደርብ የቆመው ባቡር በሩን ከፍቶ ቀረ። ወርቅያንሹ በስልክ «ጋሼ፣ ቡኢም ቆሟል» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «ሁሉም ቆሟል» አለች፤ ድምፅዋ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። በየባቡሩ አፍንጫ ያሉት ጠሪዎች ወሬው ደርሷቸው እንደ አመለወርቅ ዝም ብለዋል። የባቡሩ ጉትቻ የተባሉት ሰዎች ቃል ለጌጥ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ባቡር የሚነሳው በሰው ቃል ነበር፤ ቃሉን የከለከለ ሰው ስላልነበረ ግን ማንም አላወቀም። አሁን ከፍቼ እስከ ቡታጅራ፣ ከአምቦ እስከ አዳማ፣ የሚንቀሳቀስ ብረት የለም። መልካ ቁንጥሬ ላይ የአዋሽ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ጀመር። እዚያ ጣቢያ ወንዝ መኖሩን ያን ቀን የሰማ ብዙ ሰው አለ።

ሶልያና አልቸኮለችም። የመጨረሻውን ፉርጎ አየች። የመጨረሻውን በር አየች። በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰውዬ ዓይኗ ሲያርፍበት እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ወደ ሐዲዱ ዞረች፤ አረንጓዴውን አየች፤ እጇን ዘረጋች።

«መንገዱ ክፍት ነው!»

የቃሉ መጨረሻ ወደ ላይ ወጣና ጣሪያው ሥር ቆየ። አመለወርቅ ድምፅዋን አንስታ፣ እንደ ጥንቶቹ አቆይታ፣ ደገመችው። በሮቹ ተዘጉ። ባቡሩ ተነሳ፤ የላይኛው ተነሳ፤ ከኋላ የቆሙት ተነሱ። የአራተኛው ፉርጎ ሰዎች ከእግራቸው ሥር መሬቱ በአንዴ ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው። ሪድዋን ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ።

ከሰዓት በኋላ ካዜያማ በጣቢያዎቹ ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ጎንበስ አሉ። በኩባንያው ወግ መሠረት ለተሳፋሪው ሁሉ ለአሠሪው የሚያሳየው የመዘግየት ማረጋገጫ ታደለ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ሰው ሲጠበቅ ነበር» ተብሏል። ብዙ ሰው ለአሠሪው ሳይሰጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። አመለወርቅ ወደ ኋላ በመዞሯ ጓንቷን ለሳምንት እንድታስረክብ ተደረገ። ስትመለስ የቀለበቱ መስመር ተሳፋሪዎች ቆመው ተቀበሏት፤ ዛሬ ጥሪዋን ጆሮ ሰጥቶ የማያደምጥ የለም።

ያፌትና ሶልያና ቤታቸው የደረሱት ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ሳለች ነው። እጇን ይዞ ደረጃውን አወጣት፤ እሷም «ደክሞዎታል፣ ይረፉ እንጂ» እያለች ወጣች። በሩን ዘጋ። ጣቱን ዘርግቶ ቆመ፤ ለመናገር አልቸኮለም። ቁልፉን አየ፤ መቀርቀሪያው መግባቱን አየ፤ በእጁም ነካው።

«ተቆልፏል» አለ።

ዞረ። ሶልያና ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ሹራቧ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ተተርትሯል፤ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል፤ የግራ ዓይኗ ሥር ያለችው ትንሽ ጥቁር ነጥብ እንደ ድሮዋ ናት። መቼ ነው እንዲህ አድርጎ ያያት? ሾርባ ሲያቀርብ፣ መድኃኒት ሲሰጥ፣ ብርድ ልብስ ሲያለብስ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ካያት ሰንብቷል።  እጁን ዘርግቶ በአመልካች ጣቱ ጠቆማት።

«አለች!»

ሶልያና ቀና አለች። የሰማችውን ጥሪ ሳትመልስ የኖረች ሴት አይደለችም። ጀርባዋን አቀናች፤ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብላ አየችው፤ የመጨረሻውን ፉርጎ ባየችበት አስተያየት። ስሙን አላስታወሰችም። ጣቷን ግን አነሳችና ደረቱ ላይ ጠቆመች፤ መጨረሻውንም ወደ ላይ አንስታ አቆየችው።

«አለ!»